ፈረቃ

ጃኬት እደርባለሁ በነሐሴ ወር፣
ጃህራ፣ ከከተማው ዳር፣ ከአሸዋው ድንበር፤
ውጪው ሃምሳ ዲግሪ፣ ውስጡ ሃያ አንድ፣
ዳታ ሴንተር ይሉታል፤ መስኮት የሌለው ቤት፣
ሲያጓራ የሚያድር፣ ሳይጨስ ሳይነድ።

ሥራዬ ቀላል ነው፦ ቁጥር አነባለሁ፣
በየሰዓቱ ዞሬ መዝገብ እሞላለሁ።
ኮሪደር አንድ፣ ደህና። ኮሪደር ሁለት፣ ደህና።
ውስጡ ምን እንዳለ እኔ አላውቅም፤ ያስባል አሉና
ድምፄን ዝቅ አድርጌ አልፋለሁ፣
እንደ ታማሚ ደጅ፣ በትሕትና።

ፈረቃ የሚባል ቃል አለን፣ ለሁለት ነገር፤
አንዱ ሰው በተራ ሲገባ፣ አንዱ መብራት በተራ ሲቀር።
ጅሊብ ስኖር ሁለቱም ገጠሙኝ ባንድ ቤት፤
የሌሊቱ የኔ፣ የቀኑ የመብራት።
ልተኛ ስል ይሄዳል፣ ልወጣ ስል ይመጣል፤
እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት፣ አንድ ጣራ ሥር ተላልፈናል።

ስልኬ ላይ መርፌ አለች፣ የአገሩን ጭነት የምታሳይ፤
አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ።
ቀዩን ስትነካ፣ ስድስት ሰዓት አልፎ፣
ጅሊብ ቀድሞ ይወድቃል፣ ከፊት ተሰልፎ።
መስኮት የሌለው ቤት ግን አንድ ቀን አልጠፋበት፤
ሁለት መስመር፣ አራት ጀነሬተር፣
አንድ ክፍል ሙሉ ባትሪ አለለት።

ጃርሶ ከበላዬ ይተኛል፣ ተደራራቢው አልጋ ላይ፤
የገበያ አዳራሹ ግቢ ነው የሚውለው፣
የኤሌክትሪክ መኪና ሲሰካ፣ ሲነቅል፣ በፀሐይ።
"ጥጃ ጡት ማስያዝ ነው" ይላል፣ ገመዱን እየጠቀለለ፤
"ብቻ እዚህ ጥጃው ከላሟ ገዘፈ፤ ጠብቶ በቃኝ አላለ።"

ረቡዕ መርፌዋ ቀዩን አልፋ ቆመች።
ስምንት ሰው በአንድ ክፍል፤ ማራገቢያዋ ሁለቴ ዞራ ዝም አለች።
ጃርሶን ከሥራ መልሰውታል። ላቡ ደርቋል፣
ስሜን ረስቶ በሌላ ሰው ስም ይጠራኛል።
ሆስፒታል አልን፤ መታወቂያው አሠሪው ጋ ነው፣ አሠሪው ስልክ አያነሣም።
ውሃ አልን፤ ቧንቧው የሚያወርደው ፍል ነው፣ ቀዝቃዛ አይመጣም።

ቀዝቃዛ ቤት ግን አውቃለሁ።
ካርዱም አንገቴ ላይ ነው።

ሸፊቅ ዳቦ በሚያመላልስበት መኪና አደረሰን፣ ሲመሽ።
በጓሮ በር አስገባሁት፣ ኮሪደር ሰባት፣ ከሁለት ረድፍ መካከል፤
ጃኬቴን አነጠፍኩ፤ እርጥብ ጨርቅ ባንገቱ፣ በብብቱ፤
ሺህ ትንንሽ መብራት እላያችን ሲንቀለቀል።
ከወለሉ ቀዳዳ ብርዱ ይወጣል፤
ለሱ የታሰበ አልነበረም፤ ብርድ ግን ማንን ይለያል?

አርባ ደቂቃ።
ከዚያ ስሜን ጠራኝ፤ የራሴን ስም።
ከዚያ ደወሉ ጮኸ።
ኮሪደር ሰባት፣ ይላል ስክሪኑ፣ ግማሽ ዲግሪ ጨምሯል፤
ያልታወቀ የሙቀት ምንጭ።
ግማሽ ዲግሪ!
ሁለት ሰው ቢተነፍስ፣ እዚህ አገር ሚዛን ላይ፣ ይህን ያህል ነን።

ኢንጂነር ቨርጊስ ከቤቱ መጣ፣ ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቶ፤
ጃርሶን አየ፣ እኔን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ አፉን ከፍቶ።
ተባረርኩ ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን መዳፉን በጃርሶ ግንባር አኑሮ፣
"ውሃ ስጠው፣ ጨው ጨምርበት" አለኝ።
ደወሉን ዘጋ። ሄደ። ከበሩም ዞሮ፦
"መዝገቡ ባዶ እንዳይሆን፤ ምክንያቱን ይጠይቃሉ።"

ብዕር ይዤ ቆየሁ።
ማጣሪያው ልበል? አቧራ? የበሩ ማጠፊያ?
ንጋት ላይ ጻፍኩ፣ በተማርኩት ያህል እንግሊዝኛ፣
ከምክንያቱ ፊት ለፊት፦
ሰው ነበር።

እስካሁን የጠየቀኝ የለም።
መርፌዋ ዛሬ ቢጫ ላይ ናት።
ጃርሶ ቅዳሜ ሥራ ገባ፤ ጥጃዎቹ ተሰልፈው ጠበቁት።
ጃኬቴ እሱ ጋ ቀርቷል፤ መልስልኝ ማለት አፈርኩ።
ኮሪደር ስድስት፣ ደህና። ኮሪደር ሰባት፣
ደህና።
ብርድ ብርድ ይለኛል።